ሁለተኛው ጉርሻ

አንዲት የማከብራቸውን ሴት፣ ያውም መጠለያ ባልነበረኝ ጊዜ በቤታቸው ያኖሩኝን ሴት፣ እያወቅኩ የማይበሉትን ነገር አጉርሻለሁ። በገዛ እጄ። ፈገግ ብዬ። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው ላቆየው ብል እንደማልደርስበት ራሴን ስለማውቅ ነው።

ጉርሻን እንደኛ የሚያውቅበት ያለ አይመስለኝም። ሌላው እንግዳውን ሳህን አስይዞ ዞር ይላል፤ እኛ ምግቡን እስከ አፉ ድረስ እንሸኛለን። የተጎራሹ ሥራ አፉን መክፈት ብቻ ነው። ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ አያሸትም፤ የሚያጎርሰውን እጅ አምኖ ይውጣል። እስቲ አስቡት፤ ከዚህ የበለጠ መተማመን የት አለ? ባንክ እንኳን መታወቂያ ይጠይቃል። ደግሞ አንዱ ብቻውን አይሆንም። "አንድ ያጣላል" ይባልና ሁለተኛው ይከተላል። የእኔ ጣጣ እንግዲህ ከሁለተኛው ነው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ጴንጤ ነኝና ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ በካዚኖ መሐል ሳልፍ አንዲት ሳንቲም ማሽን ውስጥ ጥዬ አላውቅም። ታዲያ በሠራተኞች ግብዣ ላይ ዕጣ ሲወጣ የማን ስም ተጠራ? የእኔ። ለሁለት ሰው የስፔን ጉዞ፣ ከነሆቴሉ። ቁማር ነው አይደለም እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩና እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ።

"አንቺን አሜሪካ ያመጣሽ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ዲቪ።"

"ዲቪስ ምንድን ነው?"

"ዕጣ ነው፣ እትዬ።"

"በዕጣ ገብተሽ በዕጣ ዞር ዞር ብትዪ ምን አለበት? ይልቅ ማንን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?"

ከእሳቸው ሌላ ማንን ልይዝ! አሜሪካ የገባሁ ቀን ይቀበለኛል ያልኩት ዘመድ ቀርቶብኝ አየር ማረፊያ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ሌላ ሰው ሊቀበሉ የመጡት እትዬ አስካለ "ነይ ተነሺ፣ ለቅሶውን ቤት ትጨርሺዋለሽ" ብለው የወሰዱኝ ሴት ናቸው። ቻይናታውን አጠገብ ባለችው ጠባብ አፓርታማቸው ስምንት ወር ሶፋቸው ላይ ተኛሁ። አንድ ቀን እንኳን መቼ ትወጫለሽ አላሉኝም። ስፔን ለዚህ ውለታ ብታንስ እንጂ አትበዛም።

ስፔን ግን እትዬ አስካለን በምግብ ፈተነቻቸው። ሦስት ቀን በዳቦና በብርቱካን ቆዩ። የሚቀርበው ሳህን ሁሉ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ያውም ከነጢሙ፣ ከነዐይኑ። "የሚያየኝን አልበላም!" አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ፊታቸው ጠቆረ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። ለውለታ ብዬ ያመጣኋቸውን ሴት በረሃብ ልገድላቸው ነው ብዬ ሰጋሁ።

በአራተኛው ቀን ቫሌንሲያ ውስጥ ወደ ትልቁ የምግብ ገበያ ይዣቸው ሄድኩ። ጣሪያው እንደ ካቴድራል ከፍ ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን ጫጫታው የሰው ነው። ላስ ቬጋስ እኛ የምንገዛበት ሱፐርማርኬት ቲማቲሙ በላስቲክ ታፍኗል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ "ሃው አር ዩ" ትልና መልሱን ሳትሰማ ዕቃሽን ከረጢት ውስጥ ትከታለች። እዚህ ሻጯ ገዢዋን ስለ ልጇ ትጠይቃለች፣ ገዢዋ ትመልሳለች፣ ዓሣው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰልፍ የሚባል አይታይም፤ የመጣ ሁሉ "የመጨረሻው ማነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ አንዷ እጇን ታነሣለች፣ ከእሷ ቀጥሎ መሆኑን ያውቃል፣ ከዚያ እንደ ልቡ ቆሞ ያወራል። ስፓኒሹን ከሜክሲኮ ጓደኞቼ ጋር አንሶላ ስናነጥፍ ስለተማርኩ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ይህን አስታውሱልኝ።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቲማቲም ጨበጥ ጨበጥ ሲያደርጉ ሻጯ እጃቸውን መታ አድርጋ ራሷ መረጠችላቸው። "ምን ዓይነቷ ናት! ያልነካሁትን ልገዛ?" አሉ። ሴትዮዋ ግን መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ቅጠል ጨመረችላቸው፤ ለወጥ የሚሆን፣ ሳይከፈልበት። እትዬ አስካለ ቆመው ቀሩ።

"ምራቂ!" አሉ። "አንቺ፣ ምራቂ ያውቃሉ! እነዚህማ የእኛ ሰዎች ናቸው!"

ዘመድ ሳሎናቸው ውስጥ ያዩ ያህል ፊታቸው በራ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! በዚህ ስሜት እየተራመድን ነው እንግዲህ አንድ ሪዛም ሰውዬ ሱቅ ፊት የደረስነው። ከጣሪያው የደረቀ እግር በተርታ ተሰቅሏል። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስሮ በረጅም ቢላ እንደ ወረቀት እያሳሳ ይቆርጠዋል። ሥጋው ቀይ፣ ደረቅ፣ ጨው ጨው የሚል።

"ቋንጣ!" አልን በአንድ አፍ።

እትዬ አስካለ መጽሐፋቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸውና ዝም ብለው አልተጠጉም። አንገታቸውን ቀና አድርገው የተሰቀለውን እግር መረመሩ። "ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው" አሉ፤ "ንጹሕ ነው።" ልክ ናቸው፤ ኦሪት ሰኮናው የተሰነጠቀውን ብሉ ይላል። የሚያመሰኳም ይሁን ይላል እንጂ። ተሰቅሎ የደረቀ ነገር ማመስኳቱን ግን በምን ይታወቃል?

ሰውዬው አንድ ቁራጭ ዘረጋልኝ። እኔ ደግሞ ባህሌ አስገድዶኝ፣ ሳልቀምስ፣ ወደ እትዬ አስካለ አፍ ላክሁት። አኘኩ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ለሦስት ቀን የጠፋው ቀለማቸው ሲመለስ አየሁ። ሪዛሙ ሰውዬ ይህን ሲያይ ደስ ብሎት ተረከልኝ፦ ይህ አሳማ በረት ገብቶ አያውቅም፣ ጫካ ውስጥ ነው ያደገው፣ ከዛፍ የወደቀ ፍሬ እየለቀመ። ቃል በቃል ገባኝ። አሳማ ነው ያለው።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ አስካለ።

"በደንብ የተቀለበ ነው ይላል።"

"ያስታውቃል!" አሉና አፋቸውን ከፈቱ። "በይ እንጂ፤ አንድ ያጣላል!"

ሁለተኛውን አጎረስኳቸው።

ስለ ረሃባቸው ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያ የበራ ፊት ወደ እኔ ሲጨልም ማየት ፈራሁ። ወንጌል ሁሉን ብላ ቢል ሆድ የራሱ ኦሪት አለው፤ እትዬ አስካለ ደግሞ አሳማ የተጠበሰበትን መጥበሻ እንኳን የማይነኩ ሴት ናቸው። እንግዛና እንውሰድ ሲሉኝ "አየር ማረፊያ ይቀሙናል" አልኳቸው። በዚያን ቀን የተናገርኩት እውነት ይህ ብቻ ነው።

ላስ ቬጋስ በተመለስን በመጀመሪያው እሑድ እትዬ አስካለ ለምስክርነት ተነሡ። "ኤልያስን በቁራ የመገበ ጌታ" አሉ፣ "እኔን በዚህች ልጅ መገበኝ! በባዕድ አገር ቋንጣ አዘጋጀልኝ!" ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። እኔም አልኩ። ምስክርነቱ በዚህ አላበቃም፤ ስፔን የሚሄድ ካለ ብለው አቅጣጫ ጨመሩ፦ ቫሌንሲያ፣ የምግብ ገበያው፣ በትልቁ በር ገብቶ በግራ፣ ሪዛም ሰውዬ።

ስምንት ወር ዝም አልኩ። ከዚያ ከጉባኤያችን አንድ ባልና ሚስት ስፔን ሄደው ተመለሱ። ፎቶ ይዘው መጡ፤ በሪዛሙ ሰውዬ ሱቅ፣ በተሰቀሉት ሰኮናዎች ሥር፣ ባል ሚስቱን ሲያጎርስ። እትዬ አስካለ ፎቶውን ለሁሉም ያዞሩ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ስወስዳቸው መኪናው ውስጥ አፌን ከፈትኩ።

"እትዬ፣ ያ ቋንጣ… የበሬ አልነበረም።"

"የምን ነበር? የአህያ?"

"የአሳማ።"

"ፓርክ አድርጊ።"

ከአንድ የቻይና ምግብ ቤት ፊት ፓርክ አደረግሁ። መስኮቱን አወረዱና ከስምንት ወር በፊት የዋጡትን እንትፍ አሉ።

"አንደኛውን ስታጎርሺኝ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ሁለተኛውንስ?"

ሞተሩን አጠፋሁ።

"የመጀመሪያው የገበያ ስሕተት ነው" አሉ። "ሁለተኛው የአንቺ ነው።" ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መቱት። "ደግሞ እኮ ጣፍጦኛል! የሚያናድደኝ እሱ ነው!"

ይጥሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጣሉኝም። በማግስቱ ምሳ ጠሩኝ፤ እንደ ወትሮው ጠቅልለው አጎረሱኝ። ሁለተኛውን ስጠብቅ እጃቸውን ሰበሰቡ። "እኔ በሰው ፊት መስክሬያለሁ" አሉ። "አንቺም በሰው ፊት ተናገሪ። ሁለተኛውን ያን ጊዜ ትጎርሻለሽ።"

ሦስት እሑድ ተነሣሁ። በመጀመሪያው ስለ ጤንነቴ አመሰገንኩ። በሁለተኛው መኪናዬ ስለተሠራችልኝ። በሦስተኛው ምን እንዳልኩ እንኳን አላስታውስም፤ እትዬ አስካለ ግን ከፊት ወንበር ዞረው አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። አፌ እንቢ ስላለ ነው ለጉባኤው በጽሑፍ ልናገር ወደ ብዕር የመጣሁት። እትዬ አስካለ የተጻፈ ነገር መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ያነባሉ፤ ይህንንም ያነቡታል።

እስከዚያው በአንድ ጉርሻ እኖራለሁ፤ ለእሱም አመሰግናለሁ። እንደ እኔ ያለችውን ሴት አንድም የማያጎርስ ስንት አለ! ሶፋቸውንም፣ አየር ማረፊያ ያነሡኝንም፣ በዚያ ገበያ የበራውን ፊታቸውንም አልረሳም።

አሁን የቀረው የእናንተ ነው። እትዬ አስካለን አምናችሁ በትልቁ በር ገብታችሁ በግራ የታጠፋችሁ፣ ሃሌሉያ ስል አብራችሁኝ ያላችሁ፣ ይህንንም እስከዚህ ያነበባችሁ፣ ዋሽቻችኋለሁ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።