ፈረስ ጥየቃ

ጽጌረዳ በረንዳዋ ላይ ሆና በስልክ ስታወራ፣ ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቷ ቀጸላ ሳትፈልግ ሰማች። ሳትፈልግ ነው እንግዲህ፤ መስኮቱን የከፈተችው ለአየር ነው፣ ወንበሯን ያስጠጋችው ለወገቧ።

«ከኦሮራ ከተማ ወጣ እንዳልሽ ሁለት ፈረሶች አሉልሽ፤ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነዋቸው ፀሐይ ላይ ተዘርረዋል። አበቃላቸው!»

ቀጸላ አንጀቷ ባቄላ ነው፤ እሷ ካዘነችለት የተረፈ ግን ጥቂት ነው። ወዲያው ለእንስሳት ተቆጣጣሪዎቹ ደወለች። የላኩት ሰው ሄዶ አየና «ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ትንሽ ወፍረዋል» አላት።

«ማበጥ ጀምረዋላ!» ብላ ደግማ ደወለች። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ደህና ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት ያቃተውን የእኛ የሴቶች ማኅበር ይወጣዋል። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ቅዳሜ ፈረሶቹ እንዲጠየቁ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተባለ፤ ፈረሶቹን ያማከረ የለም። አምባሻው፣ ብርቱካኑ፣ በሃይላንድ የተቀዳው ጠበል ከአባላቱ አንዷ በሆነችው በእታለም ቫን ላይ ተጫነ፤ እታለም ነዳች።

ፈረሶቹን የሚጠብቀው አባይነህ የእኛው አገር ሰው ነው። እየሮጠ አጥሩ ጋ ደረሰ።

«እናቶቼ፣ አምባሻ እንዳትሰጧቸው! ሆዳቸውን ይነፋቸዋል።»

«ታዲያ አንተ ምን ታበላቸዋለህ?» አለች ቀጸላ።

«ሳር።»

«ሳር ብቻ?»

«ፈረስ እኮ ናቸው፣ እትዬ ቀጸላ።»

«በፋሲካም?»

«በፋሲካም።»

ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ።

«ዓይናቸውንስ ምን አድርገውህ ሸፈንካቸው?» አለች ቀጸላ።

«ለዝንብ ነው። መረብ ነው፣ ያዩበታል። አሁን ደግሞ እንቅልፍ ወስዷቸው ነው።»

«ጤነኛ ፈረስ ቆሞ ነው የሚተኛው! አገር ቤት ያረጀ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ላይ ጥለውት ሲሄዱ ያላየን መሰለህ?»

ይኼኔ አንደኛው ፈረስ ቀና ብሎ ማኅበሩን ዙሪያውን አየ፣ አንድ ረጅም ፈስ ለቀቀ፣ ተመልሶ ተጋደመ።

«ነፍሱ ወጣች!» ጮኸች ጽጌረዳ።

ቀጸላ ስልኳን መዘዘች። አባይነህ እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«በልጆችዎ ይዤዎታለሁ! ባለቤቱ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳን ከተደወለ አንተን ነው የማባርረው ብሎኛል። ያለኝ ሥራ ይኼ ነው!»

«ለነፍሴ ብዬ ነው፣ ልጄ። ከተባረርክ ደግሞ መጥተን እናጽናናሃለን» አለችና ደወለች። ስልኩ ጠራ።

እታለም በክራንች እየተደገፈች ከቫኑ ወረደች።

«ስሙ! እኔ ግራ ጉልበቴን ለኦፕራሲዮን ተቀድጄ ስንት ሳምንት አልጋ ላይ ስከርም፣ ከእናንተ በሬን ያንኳኳች አንዲት ሴት ትውጣ! ባውቅማ ኖሮ ዓይኔን ሸፍኜ ሜዳ ላይ እዘረርላችሁ ነበር!»

ስልኩ ውስጥ ያለችው ፈረንጅ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች። ቀጸላ ቀስ ብላ ዘጋችው።