የኪሱሙው ማሽን መርዶ

እኛ ሐበሾች በሌላው ሁሉ ብንቸኩል በመርዶ አንቸኩልም። ናይሮቢ ኖረን ማታቱ በሚሉት ታክሲ ላይ መጋፋቱን ለምደናል፤ መርዶ ሲሆን ግን ዛሬም ተሰብስበን፣ ተንሾካሹከን፣ «ማን ይጀምር?» ተባብለን ነው። የእኔ እንጀራ ታዲያ፣ ጉድ በሉ፣ መርዶ ከሚያጣድፉ ፍጥረቶች ጋር ነው።

መሃል ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን መረጃውን የሚያስቀምጠው በየከተማው በተተከሉ የኮምፒውተር ማሽኖች ላይ አከፋፍሎ ነው። የአንዱ ድምፅ ከጠፋ ሌሎቹ ትንሽ ይጠብቁና «በቃ ሞቷል» ብለው፣ ይዞት የነበረውን እነሱ ዘንድ ካለው ቅጂ እያባዙ ይከፋፈሉታል። ኪሱሙ ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር ይኸው ነው። መብራቱ ሲመጣ ሟች ተብዬው ከች ይላል፤ እነሱ ግን ገና በማባዛት ላይ ናቸው፣ መስመሩ ተጨናንቋል፣ ደንበኛው ይጮኻል። አለቃዬ ዋንጂሩ ጠርታ፣ «የሚጠብቁበትን ጊዜ አስተካክለው። ግን እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ይህንኑ ጥያቄ የሰፈራችን የሳውዝ ሲ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። የእህቴ የአልማዝ ባል ብርሃኑ፣ ዕቃ ጭኖ ወደ ጁባ እንደሄደ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። «እስከ መቼ ትጠብቅ? ወንድሟ ነህና ፍቀድልን፤ መርዶዋን ሰምታ እርሟን ታውጣ» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደ እነሱ አዘንብሎ ነበር። ብርሃኑ ሳይናፍቀኝ ቀርቶ አይደለም፤ የአልማዝ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ አማርኛውን ከስዋሂሊው እየቀላቀለ የሚሳደበው ስድብ እንኳ ይናፍቀኛል። ግን እህቴ በር በሩን ስታይ ማየት አልቻልኩም።

አልማዝ ሻይ ይዛ ገባች። ለምን እንደመጡ ገብቷታል። እራቴን ስበላ ስለ ሥራዬ ስነጫነጭባት ስለምትሰማ፣ ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«ያ የኪሱሙው ማሽንህ ሲመለስ ቦታውን ይሰጡታል?» አለችኝ።

«ይሰጡታል። ያመለጠውንም ይነግሩታል።»

«እንግዲያው ጠጡ አባቶቼ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አለቻቸው። ጠጡና መርቀዋት ሄዱ።

እሷ እንደሆነ በየወሩ በብርሃኑ ስልክ ቁጥር ላይ ካርድ ትሞላለች። ሳይሞላ የቆየ መስመር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል አሉ። «ታዲያ በምን ይደውልልኝ?» ትላለች።

እኔም የኪሱሙን መብራት ጠባይ አጥንቼ ለማሽኑ ግማሽ ሰዓት ሰጠሁት። በቃው። ዋንጂሩም አመሰገነችኝ።

ባለፈው ወር አልማዝ ወባ ይዟት ተኛች። ካርዱን እኔ ሞላሁ። ሞልቼም፣ እንደው ለማንኛውም ብዬ፣ ደወልኩለት።