የሶዶው ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር

አምባሳደር የሌለው ከተማ የለም። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አያውቀው ይሆናል፤ ደመወዝም ባንዲራ ያለው መኪናም የለውም። እሱ ግን አገሩን ወክሎ ሥራ ላይ ነው፣ እሑድን ጨምሮ። የእኛ የሶዶው ክቡር ባዳቾ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ልዩ መልእክተኛና ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር። ማን ሾማቸው? እንዴ! ይህን ጠይቆ በሰላም የተመለሰ ሰው አላውቅም።

ክቡርነታቸው ክረምት ከበጋ ከኮታቸው በላይ የወላይታውን ባለ መስመር ጥበብ፣ ዱንጉዛ ጣል ያደርጋሉ። መናኸሪያ አካባቢ ግር ያለው እንግዳ ካዩ አለቀለት። "በወላይታ ሕዝብ ስም እንኳን ደህና መጡ!" ብለው ይጨብጡትና ክትፎ ቤት ይዘውት ይገባሉ። የቃሪያ ማባያችን ዳጣ አቃጥሎት እንባው ሲወርድ፣ "እንግዳችን በአቀባበሉ ልባቸው ተነክቷል" ብለው ለእኛ ያስረዱናል። የኳስ ክለባችን ዲቻ የግብፁን ዛማሌክን ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያሰናበተ ጊዜማ ከተማው ሲጨፍር እሳቸው ቤት ተቀምጠው ለግብፅ ኤምባሲ የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉ። "ኳስ ነው፤ ወዳጅነታችን ይቀጥላል" ይላል። መልስ አልመጣም። "ዝምታም ዲፕሎማሲ ነው" አሉ ኮራ ብለው።

ለሁሉም ነገር ታሪክ አላቸው። ሚኒባስ ዘገየብኝ ካልክ፣ እቴጌ እሌኒ ወደ ፖርቱጋል የላኩት ማቴዎስ "አስመሳይ ነህ" እየተባለ በመንገድ ስንት እንደተንገላታ ሰምተህ ነው የምትሳፈረው። እንግዳ "ልሂድ" ካለ ደግሞ፣ በዚያው ዘመን ግድም ከፖርቱጋል መጥቶ መሬትና ሚስት ተሰጥቶት እዚሁ አገራችን ያረጀውን መልእክተኛ ያነሳሉ። "ክፉ አገር ቢሆን ይኖር ነበር?" ይላሉ። እንዳይመለስ ተከልክሎ እኮ ነው ጋሼ ብትላቸው አይሰሙህም።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። "አምባሳደር የራሱ አፍ የለውም" ይላሉ። "የላከውን ሰው ቃል ያደርሳል፤ ይመለሳል።"

እኔ ቤቴልን ማግባት እፈልግ ነበር፤ ሶዶ የምትሠራ የሃላሌ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ጩማ፣ ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መለሱብኝ። ምክንያታቸው አንድ ነው። "ልጁ እናትም አባትም የለውም። ነገ ቢጣሉ የማንን በር አንኳኳለሁ?"  ቤቴልም "አባዬ ሦስተኛ እንቢ ካለ በቃ፣ ከሱ ጋር ተጣልቼ አላገባም" ብላ አለቀሰች። ጭንቅ ሲለኝ ክቡርነታቸው ዘንድ ሄድኩ።

"እስከ ዛሬ እኔ እያለሁ ማንን ነው ስትልክ የኖርከው?" ብለው ተቆጡ። ከዚያ ደብዳቤ አዘጋጁ፤ የዕድሩ ማኅተም ያረፈበት፣ ከታች "ግልባጭ፦ ለልጅቱ እናት" የሚል። አንድ ብልቃጥ ዳጣም በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ስጦታ ብለው ጠቀለሉ። አፈርኩ።

"ጋሼ፣ ደብዳቤው እንኳ ይቅር።"

"ዝም በል! ነገሥታት ሲጋቡ የኖሩት እንዲህ ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሃላሌ ሄዱ። ሽማግሌ ሆነው አብረዋቸው የሄዱት አቶ ታምራት እንደነገሩኝ፣ ክቡርነታቸው ይቀመጡ ቢባሉ እንቢ ብለው ቆመው አነበቡ። አቶ ጩማ መነጽራቸውን ሰክተው ደብዳቤውን ተቀበሉ፤ ማኅተሙን አዩ፤ ገለበጡት። የመዝገብ ቤት ሰው ናቸዋ!

"የላኪ ስም የለውም" አሉ።

"ላኪው ልጁ ነው።"

"ልጁማ ጠያቂው ነው። እርስዎን የላከዎት ማነው? ከልጁ ኋላ ማን አለ?"

 አርባ ዓመት ሲናገሩ የኖሩት ሰው ደብዳቤውን መልሰው ተቀበሉ። አቶ ታምራት "አለቀልን" ብለው ኮፍያቸውን አንስተው ነበር። ክቡርነታቸው ግን እስክሪብቶ አወጡና ከደብዳቤው ግርጌ ስማቸውን ጻፉ። ከስማቸው ሥር አንድ ቃል ጨመሩ፤ "አባቱ"።

"ከአሁን ጀምሮ አምባሳደር አይደለሁም" አሉ። "አምባሳደር መልእክቱን አድርሶ ዞር ይላል። እኔ ዞር አልልም። ልጅዎ ያዘነች ቀን ሶዶ ይምጡ፤ የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው።"

አቶ ጩማ ደብዳቤውን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወንበር ሳቡላቸው።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሮጥኩ። "ጋሼ፣ ምን አሉ?"

"ጋሼ የሚባል ነገር ቀርቷል" አሉ ዱንጉዛቸውን እያስተካከሉ። "አባትህ መሆኔ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ ማኅተም አለበት።"

"አባዬ" አልኩ። ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ማንንም ጠርቼበት የማላውቀው ቃል ነው። ሰው መሐል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው ደግሞ ትከሻዬን ይዘው፣ ቆም ብሎ ለሚያየን ሁሉ "ልጄ ነው፤ ሊያገባ ነው" ይሉ ነበር።