ዝም የሚል ብረት

(ጠባብ የላሜራ ሥራ ቤት፣ በእማማ ጓሮ። እማማ የአብራራው አማት፣ የዘገየ እናት ናቸው። አብራራውና ሚስቱ የሚኖሩት ከእማማ መኝታ ቤት በአንድ ስስ ግድግዳ ተለይተው ነው። አብራራውና ዘገየ የሚሉትን ስሞች ያወጣው ሰፈሩ ነው፤ አልተሳሳተም። እማማ፣ “ለመኝታ ቤቴ መስኮት በልኩ የዝናብ ታዛ ሥሩልኝ። ካልወደድኩት ጓሮዬን ትለቃላችሁ” ብለዋል። አሁን አብራራው ወለሉ ላይ ተንጋሏል፤ ከበላዩ አንድ ላሜራ በሁለት በርሜል ላይ ተጋድሟል። ዘገየ የአትክልት ማጠጫ ይዞ ይጨቃጨቃል።)

ዘገየ፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ውኃ ለምን ያልቃል? እማዬ እኮ ስለ ታዛው...

አብራራው፦ እማማን ለኔ ተዋቸው! ብረት የሚመረጠው በጆሮ ነው። በል አፍስስ! ጠብ ጠብ አድርገህ እንጂ እንደ እብድ አይደለም! ዝናብ አይተህ አታውቅም?

ዘገየ፦ አይቻለሁ፤ ዝናብ ግን እጀታ የለውም።

አብራራው፦ ኧረ በፈጠረህ! ስማ፤ አሁን እኔ እማማ ነኝ። ተኝቻለሁ።

ዘገየ፦ እማዬ ጫማ አድርጋ አትተኛም።

አብራራው፦ (ጫማውን እየወረወረ) ይኸው! እንቅልፍ ወስዶኛል። (ውኃ አይወርድም። አንድ ዓይኑን ይገልጣል።) ምን ሆነህ ቆምክ?

ዘገየ፦ ተኝታለች አላልክም? እንዳልቀሰቅሳት ነዋ።

አብራራው፦ አፍስስ!

(ዘገየ ደንግጦ ይደፋዋል። ላሜራው ይንሸራተታል፤ ውኃው እንዳለ አብራራው ፊት ላይ ይወርዳል። እንደ አዋቂ ሰው ግን ያልረጠበ መስሎ ይነሳል።)

አብራራው፦ እንዳሰብኩት ነው! አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ይንሸራተታል። መዳብ ዕድሜ አለው፤ ግን ሲቆይ አረንጓዴ ያወጣል፣ እማማ ደግሞ “ሻገተ” ይሉናል። ስለዚህ ዚንክ! ከሥሩ ወፍራም ጎማ እንለጥፋለን፣ የዝናቡ ኮቴ እንኳ አይሰማም።

ዘገየ፦ እማዬ ግን እንዲህ ነበር ያለችኝ...

አብራራው፦ አታቋርጠኝ! ያን ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን ስስ ቆርቆሮ ብንሰቅልባቸውማ አለቀልን። እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው! ሌሊቱን ሙሉ አይተኙም፤ በማግስቱ እኔ፣ አንተ፣ መቁረጫው፣ ሁላችንም መንገድ ላይ ነን። (ዞር ይላል።) ለመሆኑ ቆርቆሮው የታለ?

ዘገየ፦ ሰቀልኩት።

አብራራው፦ የት?

ዘገየ፦ መስኮቷ ላይ።

አብራራው፦ (ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ) መቼ?

ዘገየ፦ ጠዋት፣ ስለ መዳብ ስታብራራ። አጥፌ፣ በስቼ፣ ሰቅዬ ስመለስ ገና መዳብ ላይ ነበርክ።

(ያን ጊዜ ሰማዩ ያጉረመርምና ዝናብ ይወርዳል። ከእማማ መስኮት በኩል ጓሮውን የሚነቀንቅ ጩኸት ይነሳል። አብራራው በባዶ እግሩ መዶሻና ጉጠት በቅርጫት መሰብሰብ ይጀምራል።)

አብራራው፦ አጠፋኸን! እንጀራችንን ዘጋህብን! እኔ ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?

የእማማ ድምፅ፦ (ከመስኮቱ) ዘገየ! ልጄ፣ ተባረክ! አንድም ነገር አይሰማኝም! ጓሮው የእናንተው ነው!

አብራራው፦ (ጉጠቱ ከእጁ ይወድቃል) ምን... ምን አሉ?

ዘገየ፦ ከሁሉም የሚጮኸውን ብረት ምረጥልኝ ብላኝ ነበር።

አብራራው፦ ጤነኛ ሰው ለምን እንዲህ ይላል?

ዘገየ፦ ማታ ማታ ለእህቴ ስታብራራ ድምፅህ በግድግዳው እያለፈ እማዬን እንቅልፍ ከለከላት። አሁን ዝናቡ ይሸፍንልኛል ትላለች።

አብራራው፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ዘገየ፦ መቼ አስጨረስከኝ?

(አብራራው ቅርጫቱ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ይቀመጣል። ያስባል። ከዚያ ፊቱ ፈካ ይላል፤ ስህተት ያገኘ መስሎታል።)

አብራራው፦ እሺ ሊቁ! ዝናብ በማይኖርበት ማታስ?

ዘገየ፦ (ማጠጫውን ሞልቶ ያስታቅፈዋል) እሱንም አስባበታለች። መስኮቷ ጋ ቆመህ ቆርቆሮው ላይ የምታፈስሰው አንተ ነህ። ታዲያ ጋሼ፣ ጠብ ጠብ አድርገህ እንጂ እንደ እብድ አይደለም።