ሁለቴ የፈረሙት እማኝ

የሰባ ዘጠኙን መጋቢት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ በሳምንቱ ቡናው ሁሉ ባንድ ጊዜ አበበና ሚዛን ተፈሪ በየጓሮው ዱቄት የተነሰነሰባት መሰለች። ሽታው እቤት ይገባል፣ ልብስ ላይ ያድራል፣ ውሃ ስትጠጪ ሳይቀር ጉሮሮሽ ላይ ይጣፍጣል። የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ሙሴ በሕይወት ነበር። የመጀመሪያ ቤታችንን የምንገዛበት ሳምንት ነው። የቡና አበባ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ እንደሚረግፍ አውቅ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ሌላም የሚረግፍ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያ ነጭ ሳምንት ነው ጋሽ ይሄይስ ጉልበት በሚደርስ ቦቲ ጫማና ከራሳቸው በሚበልጥ የዝናብ ልብስ ተጠቅልለው ግቢያችን የገቡት። ሻጩ እስክሪብቶ ይዞ ሊፈርም አጎንብሷል። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉና "ቆይ!" አሉ። "ወሰኑን ልርገጠው።"

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤት ሲሸጥ፣ ላም ሲገዛ፣ ወንድማማች ሲካፈል፣ ኑዛዜ ሲጻፍ፣ "እማኝ ጥሩ" ከተባለ እግር ሁሉ ወደ አንድ በር ነው የሚሄደው። መንግሥት ውልና ማስረጃውን በፈለገበት ቦታ ያቁም፤ የኛ ሰፈር ሰው ውሉም ማስረጃውም ጋሽ ይሄይስ ነበሩ። የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ዘበኛ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ሥራቸው ማየት ነበር ማለት ነው። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ለኛ ያዩልን ነበር፤ በነፃ፣ ያውም ሳይጨርሱ በማይለቁት ሁኔታ። ሙሴ ገና በአጥር ሲያያቸው "ክቡር እማኝ መጡ፤ ምሳ ዛሬ አይታሰብም" ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ወሰናችንን ሦስት ጊዜ ረገጡት። መጀመሪያ ሃያ ስድስት እርምጃ ሆነ። ሁለተኛው ሃያ አምስት ወጣ። "ጭቃው አንዷን በላብኝ" ብለው ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። ሻጩ ዝናብ ላይ ቆሞ በልቡ ይረግማቸዋል፤ እኔም ያው። ከዚያ ደግሞ ውሉን ጮክ ብለው ያነባሉ። ቀኑን ያነባሉ፣ የቀበሌውን ስም ያነባሉ፣ ማኅተሙ ላይ ዙሪያውን የተጻፈውን ሁሉ ወረቀቱን እያዞሩ ያነባሉ። ሲጨርሱ "አይቻለሁ" ይሉና ይፈርማሉ። ሰው ቸኩሎ "ጋሽ ይሄይስ፣ ይፈርሙልንና ይሂዱ" ካላቸው አንድ መልስ ብቻ ነው ያላቸው።

"ያላየሁትን አልፈርምም።"

አንድ ጊዜ ከሸዋ ቤንች ሁለት ሰዎች ጊደር ሊሻሻጡ መጡ። ወረቀቱ ተጽፏል፣ ሁለቱም ፈርመዋል፣ የቀረው የእማኝ ብቻ ነው።

"ጊደሯ የታለች?" አሉ ጋሽ ይሄይስ።

"እቤት ናት እንጂ! ከተማ ምን ልታደርግ ትመጣለች?"

"እንግዲያ አላየኋትም።"

ሰዎቹ እየተሳደቡ ሄደው በማግስቱ እየጎተቱ አመጧት። ጋሽ ይሄይስ ዙሪያዋን ዞሩ፣ ጆሮዋን ገለጥ አደረጉ፣ ከዚያ ወረቀቱን አዩ። "እዚህ ላይ ቡላ ይላል። ይቺ ቀይ ቦቃ ናት። እንደገና ይጻፍ።" እንደገና እስኪጻፍ ድረስ ጊደሯ የጎረቤት ጎመን ጨርሳ ሌላ ክስ ልታስነሳ ነበር።

የሮዳስ ሠርግ ላይ የሆነውንማ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ሙሽራዋ እንደ ሙሽራ ወጉ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። የጋብቻው ወረቀት ወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፣ ጋሽ ይሄይስ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። "እሺ ስትል አልሰማሁም" አሉ። "ያየሁት ስታለቅስ ነው።" የሙሽራው እናት ራሷን ልትስት ምንም አልቀራት። ያኔ ሮዳስ ቀና ብላ፣ "ኧረ እሺ ብያለሁ! መቶ ጊዜ እሺ ብያለሁ!" ብላ ጮኸች። "አሁን ሰማሁ" አሉና ፈረሙ። ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ባሏ ሲያናድዳት "ጋሽ ይሄይስ ባይጠይቁኝ ኖሮ እሺ አልልም ነበር" ትለዋለች።

ሳቁ እዚህ ላይ ነው የሚያልቅብኝ።

ሙሴ በሞተ ባመቱ ጎረቤቴ አጥሩን ወደኔ ገፋ አደረገው። ሴት ብቻዋን ስትቀር አጥር እግር ያወጣል። ጋሽ ይሄይስ ግን ዱላቸውን ይዘው መጡ፣ ሳይጠሩ፣ ማንንም ሳያነጋግሩ ከወሰን ድንጋዩ ጀምረው ረገጡት። ሃያ ሁለት ላይ አጥሩ ገጠማቸው። ቆሙ። ጎረቤቴን በስሙ ጠሩትና "ያየሁት ሃያ ስድስት ነው" አሉት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ የምተኛው ሃያ ስድስት እርምጃዬ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ቡና ተለቅሞ እንዳለቀ፣ አስረስ የሚባል ሰው ከቴፒ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነጋዴ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ጋሽ ይሄይስ የሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት የአባቱ የብርሃነመስቀል ናት አለ። ጋሽ ይሄይስ ቤቱን የገዙት ከዚያው ከብርሃነመስቀል ነበር፣ በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዝግ፣ ሰው ሁሉ በሩን ቆልፎ እቤቱ። ብርሃነመስቀል ልጁን ይዞ ለመሄድ ቸኩሏል። ውሉን እንደ ነገሩ ጽፈው ተለያዩ፤ ብርሃነመስቀልም ከሞተ ቆየ።

"ወረቀት አለኝ" አሉኝ ጋሽ ይሄይስ። "ነይ አብረን እንሂድ፣ ያጽድቁልኝ።"

ሄድን። አርባ ዓመት ሰው ሁሉ ውልና ማስረጃው የት ነው ብሎ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። በድሮው ቦታ ስንደርስ ዘበኛው "ወደ ላይ ተዛውሯል" አለን። ባጃጅ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። እዚያ ያሉት ደግሞ "የቤት ጉዳይ ወደ ታች ነው" አሉ። ታች ስንደርስ የምሳ ሰዓት ሆነ። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ "ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ እመጣ ነበር" አሉኝ። "አሁን ዓይኔ ራሱ ተጨፈነ መሰለኝ።" ሞራ ጋርዷቸው እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ቁጥራችን ሲጠራ ሰሌዳውን ማየት አልቻሉም፣ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ያውም እኔ፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት።

አሰጋሽ የምትባል ልጅ እግር ሠራተኛ ወረቀቱን ዘረጋችው። አስረስ ከኋላችን ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ገዢው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንደኛው እማኝ ባየ ይላል። በሕይወት አሉ?"

"ፀጉር አስተካካዩ ባየ ነው። ከሞተ ስምንት ዓመቱ።"

"ነፍስ ይማር። ሁለተኛው እማኝስ?" ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። "እዚህም ይሄይስ ይላል።"

"እሱም እኔ ነኝ።"

"እንዴት ይሆናል አባባ? ገዢ ሆነው እማኝ?"

"ሰው ጠፋ። በየበሩ አንኳኩቼ የሚወጣ አጣሁ። ደግሞስ ቆሜ አይቼ የለ እንዴ! ቁልፉን ሲሰጠኝ ከኔ የበለጠ ማን አየ?"

አሰጋሽ ሳቀች። ወዲያው ደነገጠችና አፏን በእጇ ሸፈነች። "አባባ፣ ሰው ለራሱ አይመሰክርም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

የሰው ሁሉ እማኝ ነበሩ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ሲያፍሩ ያየኋቸው። አስረስ ከኋላ ተነስቶ መጣ። "አባቴ ሸጥኩ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም" አለ። "ውሸታም ናቸው አላልኩም። ግን አንድ ያየ ሰው ያምጡልኝ፤ አንድ ብቻ። ዛሬውኑ ወደ ቴፒዬ እመለሳለሁ።"

"በሕይወት ያለ፣ ሽያጩን ያየ ሰው አለ?" አለች አሰጋሽ።

"አለ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "እኔ አለሁ።"

መታወቂያዬን ሰጠኋት። ስሜን ውድነሽ ብላ ጻፈች፣ ዕድሜዬን ጻፈች፣ "ፊርማም ጣትም ነው እማማ" ብላ የቀለሙን ሰሌዳ ገፋችልኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። ወረቀቱ ላይ ላሳርፍ እጄን ሳነሳ ጋሽ ይሄይስ ክንዴን ያዙኝ።

"ውድነሽ፣ ቆዪ። አይተሻል?"

"ሠላሳ አራት ዓመት እዚያ ቤት ሲገቡ ሲወጡ አይቻለሁ!"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። ብርሃነመስቀል ሲሸጥልኝ፣ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ አይተሻል?"

"ጋሽ ይሄይስ፣ ቤትዎ ነው እኮ! ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው እኮ!"

"አይተሻል?"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጣቴን ነው የሚያየው።

"አላየሁም" አልኩ።

"እንግዲያ ጣትሽን መልሺ።" ከዚያ ወደ አሰጋሽ ዞሩ፤ "አትቀየሚያት፣ ከልቧ ደግነት ነው" አሏት።

ወጥተን ደጁ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። መዝነብ ጀምሮ ነበር። እዚህ አገር መች ሳይዘንብ ይውላል። ሠላሳ አራት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር ነበር። ያን ግንቦት ሲያንኳኩ እኔ እቤት ነበርኩ። ድምፃቸውን ስሰማ፣ ያ ሁሉ ወሰን መርገጥና ማኅተም ማንበብ ታወሰኝና ታከተኝ። ደግሞም ፈራሁ፣ ጊዜው ነው። ሙሴን "የለችም በል" አልኩት። ሙሴም በሩን ገርበብ አድርጎ ያልኩትን ነገራቸው፤ እሱም አልወጣላቸውም።

"ጋሽ ይሄይስ፣ ያን ቀን ሲጠሩኝ..."

"ሸዋ ቤንች ነበርሽ" አሉ ቶሎ ብለው። "እናትሽ ታመው።"

"አልነበርኩም።"

ዱላቸውን ጭቃው ላይ ሲያዞሩት ቆዩ። "አውቃለሁ" አሉ። "ጫማሽ በሩ ላይ ነበር። ሰማያዊው ኮንጎ። ያን ጊዜ ሌላ ጫማ አልነበረሽም። አይቻለሁ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ። "እማኝ እኮ ሳይጠየቅ አይናገርም።"

ጫማዬን አይተው ሲያበቁ ነው ሳይጠሩ መጥተው ሃያ ስድስት እርምጃዬን ያስመለሱልኝ። ሞኝነት ነው ብዬ ስስቅባቸው የኖርኩት ያ ነገር ነው ጣራ ሆኖ ያስጠለለኝ። ቅር ቢላቸውማ በገባኝ ነበር፤ አንድም ቀን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

ኋላ ፍርድ ቤት ቤቱን ለአስረስ ወሰነ። እስኪ ክረምቱ ይውጣ ብሎ ሊታገሳቸው ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው እምቢ አሉ። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ግን ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም። ቡና ስለቅም የኖርኩበት ጣት ነው፣ ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ልፈገፍገውም አልፈለግኩም።

አሁን ሰፈራችን እማኝ የለውም። ሰው ቢሮው ደጃፍ ላይ ከቆሙት ጎረምሶች ሁለቱን እማኝ አድርጎ ይወስዳል፤ ቤቱ የት እንደሆነ ሳይጠይቁ ይፈርሙለታል፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔ ግን አንዳንድ ቀን አጥሬ ሥር ቆሜ ሃያ ስድስቱን እረግጠዋለሁ፤ ጭቃው አንዷን ከበላብኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ጋሽ ይሄይስ አንድ ሻንጣና ቦቲ ጫማቸውን ይዘው ወደ ማሻ በሚሄደው ሚኒባስ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጡ። አሁን ያሉት ማሻ፣ ከገበያው በላይ፣ የእህታቸው ልጅ ትዝታ ቤት ነው። ሲሳፈሩ መነኻሪያው ላይ ቆሜ ነበር። አይቻለሁ።