ልጅ ጥየቃ በናይለን ካልሲ

ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው የሚናገረውን አሰናድቶ ይሄዳል። ስለ ካልሲው የሚጨነቅ ማን አለ? ሁሉን ቆጣሪ ነኝ የምለው እኔም አልተጨነቅሁም።

ለጎረቤቴ ልጅ ለካሳሁን ሚስት ልንጠይቅ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን አቶ ወርቅነህ ቤት ስንሄድ ሦስት ነበርን፤ መሪው እኔ። እስከዚያ ቀን አሥራ አንድ ቤት ሄጄ ዘጠኙን «እሺ» አሰኝቻለሁ። ሁለቱን የምቆጥራቸው ለሐቀኝነት ያህል ነው።

በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር የመንዝ ሱፍ ምንጣፍ ነው። ተቀመጡ ስንባል፣ ወጉ ነውና፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። የከተማችን ብርድ ደግሞ ቆሞ ለሚናገር ሰው አያዝንም፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ያለውን ንግግሬን እያሰማሁ፣ እግሬ እንዲሞቅ ምንጣፉን በናይለን ካልሲዬ አሸው ጀመር። አርባ ጊዜ አሽቻለሁ። ሦስተኛው ነጥብ ላይ አቶ ወርቅነህ ልባቸው ራራና ሊያስቀምጡኝ እጃቸውን ዘረጉ። ጨበጥኩ። ጧ!

«ምን ይዘው ነው የመጡት፣ ሰውዬ!» ብለው ዘለሉ። ይቅርታ ልል እግሬን እየጎተትኩ ተጠግቼ እንደገና ብጨብጣቸው፣ እንደገና ጧ! ገና ሳይጋቡ እሳት የሚተፋ ጋብቻ ይቅርብን አሉ። ጓደኞቼ እጅጌዬ ውስጥ ሽቦ የደበቅሁ ይመስል አፈጠጡብኝ።

ይኼኔ ጓዳ መቆየት የነበረባት ልጃቸው ብቅ አለች። የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ከእጇ ሲወጣ እየሰማች ምን ጓዳ አላት? ናይለንና ሱፍ ሲፋተጉ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ በደረቅ አየር ሰው ላይ ይጠራቀማል፣ ሌላ ሰው ሲነኩ ዘሎ ይወጣል ብላ አስረዳች። አባቷ ይሄን ለተማሪዎችሽ ንገሪ አሏት።

«እንግዲያው ጋሼ ካልሲያቸውን ያውልቁና ይጨብጡህ!» አለችው ወደ እኔ እያመለከተች።

ይታያችሁ፣ የሁለት ሰው ትዳር የእኔ እግር ላይ ወደቀ። አወለቅሁ። ለስንት ዓመት የሸሸግሁትን የአውራ ጣቴን ጥፍር ቤተሰቡ በሙሉ ተመለከተው። ከሐፍረት ብዛት እግሬ በላብ ራሰ፤ ልጅቱ ግን እርጥብ እግር ኤሌክትሪክ አያጠራቅምም ብላ ደስ አላት። ምንጣፉን ተራምጄ ጨበጥኩ። ጧ የለም። አቶ ወርቅነህ እጄን ገልብጠው መረመሩና «ልጄ ካለችው አልፎ የሚሄድ የለም፤ ሰጥቻለሁ» አሉ። ዘጠኙ ነጥቤ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

መንገድ ዳር ሲጠብቀን የነበረው ካሳሁን ሮጦ መጣና፣ በምን አሳመኗቸው ጋሼ አለኝ።

«በአንደበቴ ነዋ!» አልኩት፣ ካልሲዎቼን ኪሴ ውስጥ ወደ ታች እየገፋሁ።