ለወጌሻው የተነሣሁ ለት

አሮጊት ዳሌዋ ሲሰበር ቤተሰብ የሚሰበሰበው ስለ ዳሌዋ ሊነጋገር እንዳይመስላችሁ… ስለ ቤቷ ነው።

አዲስ ከተማ፣ በልጄ በአልማዝ ቤት ሳሎን ውስጥ ነን። አልማዝ ከራሴ በላይ ቆማ ትራሴን ታስተካክላለች፤ አስተካክይ ያላት የለም። ወንድሟ ታደሰ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል፤ ጥፋት ሲኖርበት ልማዱ ነው። በሩ አጠገብ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ትሑት ወጣት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የመሃል ከተማው ቤቴ ቁልፍ እፊቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሊከራየው ነው። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ሦስት ብሎኖች ደግሞ ዳሌዬ ውስጥ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ፣ አጥንቱ ገጥሟል፣ ብሎኑም አልተነቃነቀም፣ ይራመዱ ብሎኝ ነበር። ልጆቼ ግን “ይራመዱ” ማለት “ይቀመጡ” ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ልነሣ ስል አራት እጅ ብብቴ ሥር ይገባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር።

ታደሰ ነገሩን ለመቋጨት፣ ብቻዬን ቤቴ መኖር መቻል አለመቻሌን የሚናገር ምስክር አስጠርቷል፤ የቡሹሎ ሰፈሩን ወጌሻ፣ አቶ ላላሞን። እሳቸውን ትቼ ሆስፒታል በመሄዴ አኩርፈውኛል። ብሎን ለበር እንጂ ለሰው አይሆንም ሲሉ ከርመዋል። ለማን እንደሚመሰክሩ እናንተው ገምቱ።

“እማዬ፣ እዚያ ብቻሽን ብትወድቂስ?” አለች አልማዝ።

“ወድቄ አየሁት።”

“ቀልድ አይደለም እኮ።”

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ልላት አፌን ስከፍት አቶ ላላሞ ገቡ። በዕድሜ ይበልጡኛል። እናቴ ደግሞ ታላቅ ሲገባ ተቀምጣ የምታይ ልጅ አላሳደገችም።

“ኖር!” ብዬ ብድግ አልኩ።

“በእግዚአብሔር፣ ይቀመጡ” አሉ። ከዚያ ያዩት ነገር ገባቸውና ወደ እግሬ አቀረቀሩ። ምርኩዜ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። የአልማዝ እጅ ትራሱን እንደያዘ ቀረ።

“አቶ ላላሞ፣ ይንገሯት እንጂ” አለ ታደሰ ከመስኮቱ ዞሮ።

ሽማግሌው በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዬን ዞረው አዩኝ። ደስ አላላቸውም።

“የቆመን ሰው አይቆምም ብዬ ልመስክር?” አሉ።

ዳሌዬን እያዳመጥኩ ወደ ጠረጴዛው ተራመድኩ። ምንም አላለኝም።

“ልጄ፣ ቁልፌን” አልኩት አስተማሪውን።

ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ለአቶ ላላሞ እጅ ነሣሁ፤ ምርኩዜን አንሥቼ ወጣሁ።